ሳይፈጭ እንየው

በዚህ መጽሔት ስለ ትምህርት፣ ስለ አገር ዕድገትና ስለ ወጣቱ ኃላፊነት ብዙ ተጽፏል። ዛሬ እኛ ስለ ሃምበርገር ለመጻፍ ስንነሣ «የአርት ተማሪዎች ሥራ ፈቱ» የሚሉን እንደማይጠፉ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከትምህርት ክፍል ወጥተን፣ ከኪሳችን ያለችውን አዋጥተን የምንበላው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ቢያንስ ለራሳችን የሚገባን ግዴታ ይመስለናል።

ቁርጥ የሚበላ ሰው ሥጋውን በዓይኑ ያያል። ሉካንዳ ቤት ገብቶ «ከዚህ ቁረጥልኝ፤ ይኼ ጅማት ነው፣ አንሣው» ይላል። ሻጩም እያጉረመረመ ይታዘዛል። ሃምበርገር የሚበላው ተማሪ ግን ሥጋው ተፈጭቶ፣ ተጠፍጥፎና ተጠብሶ በዳቦ ተሸፍኖ ሲቀርብለት፣ ስለ ዳቦው ልስላሴና ስለ ድንቹ ማነስ ይከራከራል እንጂ ስለ ሥጋው አንድ ጥያቄ አያነሣም። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ የሃምበርገር በላተኛ ግን ከበሬውም ከአራጁም ጋር አልተዋወቀም። ሐሳባችን በአጭሩ ይኽ ነው፦ የሃምበርገር ሥጋ የሚመረጠው ከመፈጨቱ በፊት ነው። ከተፈጨ በኋላ ለበላተኛው የሚቀርለት ምርጫ ሳይሆን እምነት ብቻ ነው።

ይኽ ጥርጣሬ በእኛ አልተጀመረም። ሃምበርገር ስሙን ያገኘው ከጀርመኗ የወደብ ከተማ ከሃምቡርግ ሲሆን፣ ታላቅ ገበያ ያገኘው ግን በአሜሪካ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 አፕተን ሲንክሌር የቺካጎ የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኞችን መከራ ለማሳየት «ዘ ጃንግል» የተባለውን ልብ ወለድ በመጽሐፍ መልክ ሲያሳትም፣ አንባቢው ከሠራተኛው መከራ ይልቅ በገዛ ምሳው ደነገጠ። በዚያው ዓመትም የሥጋ ምርመራ ሕግ ወጣ። ይኽም ሆኖ በ1993 በዚያው አገር በደንብ ያልበሰለ ሃምበርገር ከ700 በላይ ሰዎችን ሲያሳምም አራት ሕፃናት ሞቱ። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ባልተፈጨ ሥጋ ላይ ጀርሙ በአብዛኛው የሚገኘው በውጭው ገጽ ስለሆነ እሳት ሲነካው ይሞታል። ሲፈጭ ግን የውጭው ወደ ውስጥ ይገባል፤ የብዙ ከብት ሥጋም በአንድ መፍጫ ይቀላቀላል። ስለዚህ ሃምበርገር ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ መብሰል አለበት። «ጥሩ ሥጋ ከሆነ ለብ ለብ ይበቃዋል» የሚለው አነጋገር ለዚህ አይሠራም።

ስለ ጥራት ስናወራ እኛም ራሳችን ተሳስተን እንደነበር መደበቅ አይገባንም። አንድ ቅዳሜ ሦስት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን፣ ከመካከላችን በአንዱ ቤት ሃምበርገር ለመሥራት ተስማማን። «ጥራት ማለት ቀይ ማለት ነው» ብለን ከሽንጡ ስብ የሌለበት ንጹሕ ሥጋ በውድ ዋጋ ገዝተን አስፈጨን። በምጣዱ ላይ ተኮማትሮ ወጣ፤ ሲበላም የጫማ ሶል ሆነ። የጓደኛችን እናት ቀምሰው ሳቁና «ልጆቼ፣ ክትፎ ቀይ የሚሆነው ቅቤው ስላለለት ነው፤ የእናንተው ቅቤ የታለ?» አሉን። ከብዙ ሌክቸር የበለጠ የተማርነው ከዚህች ቃል ነው።

በእርግጥም ክትፎ ድርቀቱን በንጥር ቅቤ ያበጃል። ሃምበርገር ግን ቅቤ ስለማይጨመርበት ስቡ ከራሱ ከሥጋው መምጣት አለበት። ጥሩው መጠን አራት እጅ ቀይ ሥጋ፣ አንድ እጅ ስብ ነው። የአሜሪካ ደንብ እንኳ የተፈጨ የበሬ ሥጋ እስከ 30 በመቶ ስብ እንዲኖረው ይፈቅዳል። በሁለተኛው ቅዳሜ ወርችና ፍርምባ ገዝተን፣ ጅማቱን አስነሥተን፣ ስቡን ትተን ዓይናችን እያየ አስፈጨነው። ከፊተኛው ያነሰ ከፈልን፤ የተሻለም በላን። ከብቱ ሲራመድና ሲያርስ የሚሠራበት አካል ጠንካራ ቢሆንም ጣዕሙ የበዛ ነው፤ ጥንካሬውን ደግሞ መፍጫው ይሰብርለታል። ለቁርጥ የሚፈለገውን ለስላሳ ሥጋ ወደ መፍጫ መክተት ግን ገንዘብን መፍጨት ነው። እንግዲህ «ሥጋ መምረጥ የሀብታም ሥራ ነው» የሚለው ሰበብ በሃምበርገር ዘንድ አይቆምም።

ታዲያ ምን እንይ? ሥጋው ደማቅ ቀይ ይሁን። ሲቆረጥ ውስጡ ጠቆር ቢል ነፋስ ሲያገኘው ይቀላልና አያስደንግጥ። የሚያሙለጨልጭና የሚሸት ከሆነ ግን ይቅር። ስቡ ወደ ቢጫ ያደላ እንደሆነ ብዙውን ጊዜ ከብቱ ሣር በል መሆኑን ያሳያል እንጂ መበላሸቱን አይደለም። የቄራው ምርመራ ማኅተም መኖሩን እንይ። መቼ እንደታረደና መቼ እንደተፈጨም እንጠይቅ። ያልተፈጨ ሥጋ በማቀዝቀዣ ከ3 እስከ 5 ቀን ሲቆይ፣ የተፈጨው ግን ከ1 ወይም ከ2 ቀን አያልፍም። በረቡዕና በዓርብ ጾም ምክንያት ገበያው በሚቀዘቅዝበት አገራችን፣ ሐሙስ የሚቀርብልን ሥጋ የማክሰኞ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በእኛ ሉካንዳ ቤቶች በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ተሥሎ የምናየው በከንቱ አይደለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማን ባረደው እንደሚበላ ያውቃል። መፍጫው ግን ይኽን ምልክት ጭምር ይፈጨዋል። በአንድ ክፍል የምንማር፣ በአንድ ጠረጴዛ የምንቀመጥ ጓደኛሞች ነን። ታዲያ አንዳችን ሳናውቅ ከእምነታችን ውጭ እንድንበላ የሚያደርግ ዝምታ ርካሽ ነገር ነውን? ያለመጠየቃችን ዕዳ ከሆድ ሕመም አልፎ እስከዚህ ይደርሳል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ማኅበራችን ለተማሪው ሃምበርገር ከሚሸጡት ቤቶች ጋር ይነጋገርና፣ ሥጋው ከየትኛው ብልት እንደሆነ፣ ማን እንዳረደውና በየትኛው ቀን እንደተፈጨ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ተጽፎ በባንኮኒው ላይ ይለጠፍ። የሚቻለው ቤት ደግሞ በገዢው ፊት ይፍጭ። ሻጩ ታማኝ ከሆነ አንድ ወረቀት አያከስረውም፤ እንዲያውም ደንበኛ ያበዛለታል። የማይለጥፍ ቢኖር ለምን እንዳልለጠፈ እያንዳንዳችን እንጠይቀው።

በትምህርት ክፍል ማስረጃ ሳናይ አናምንም እያልን ስንከራከር እንውላለን። በምሳ ሰዓትም ይኸው ልማዳችን አይለየን።