አኮ ማኖዬን ለልጆች?

«23 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ዲላ ነው። አያቴ ከነገረችኝ የአኮ ማኖዬ ታሪክ ተነስቼ ለሕጻናት ሥዕላዊ መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው። እጮኛዬ ግን ‹ወንድ የምታንቀጠቅጥ ሴት ለልጅ አትነገርም› ብሎ አኮረፈኝ። ልተወው ወይ?»

ውድ እህቴ፣ እንዳትተዪው! ታሪኩን ላልሰሙ አንባብያን ባጭሩ ልንገራቸው። አኮ ማኖዬ በጌዴኦና በጉጂ አፈ ታሪክ ወንዶችን ትገዛ የነበረች ንግሥት ናት። ሰማይም ምድርም የማይነካ ቤት ሥሩልኝ ብላ አስጨነቀቻቸው ይባላል። በመጨረሻ ወንዶቹ መክረው ጉድጓድ ቆፈሩ፤ በቁርበት ሸፍነው ጣሏት። በጎረቤት ሲዳማም ንግሥት ፉራ አለች፤ እሷን ደግሞ ቀጭኔ ላይ አስረው ለቀቋት ይላሉ።

እንግዲህ እጮኛሽን ጠይቂው፤ በታሪኩ ያሸነፉት ወንዶቹ ናቸው፣ ታዲያ ምን አስፈራው? እኔ እንደሚመስለኝ የፈራው አንዲት ትንሽ ልጅ «ለምን ጣሏት?» ብላ የምትጠይቀውን ነው። መጽሐፍሽ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ጥያቄ ነው።

ምክሬ ይኸው፦ ንግሥቲቱን መልአክ አታድርጊያት፤ ጭካኔዋንም ሳዪ። ጉድጓዱንም አትዝለዪው። አያትሽን ደግመሽ ጠይቂ፤ ሌሎች እናቶችንም፣ ሽማግሌዎችንም ስሚ፤ አተራረካቸው ሊለያይ ይችላል። ለሥዕሉ እንሰቱ፣ ቡናውና ትክል ድንጋዩ ደጅሽ ላይ አሉልሽ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የአያትሽን ቃል ግን የምትመዘግቢው አንቺ ነሽ።

እጮኛሽንም አያትሽ ዘንድ ይዘሽው ሂጂ። ቡና እየጠጣ ይስማ። ከዚያ በኋላም ካኮረፈ፣ ችግሩ የመጽሐፉ አይደለም፤ ያኔ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ።