የቆሎ ተማሪና የሐዋሳ ጎረምሳ

የሐዋሳ ወላጅ ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ጫት ቤት መዋል ሲጀምር፣ ወይም ማስቲሽ (በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደርጎ ሽታው የሚሳብ የጫማ ማጣበቂያ) ከሚስቡ ልጆች ጋር ሲታይበት፣ ከዘመድ አዝማድ አስቀድሞ የሚሰማው ምክር «ቦታ ይቀይር» የሚል ነው፤ በዚህም መሠረት ኦርቶዶክሱ ፀበል ወዳለበት ገዳም፣ ፕሮቴስታንቱ ደግሞ ወደ ጸሎት ቤት ወይም ወደ መንፈሳዊ ማገገሚያ ለመላክ ያስባል። ሱሱንና የሱስ ጓደኞቹን ለጊዜው መራቅ ልጁን ስለሚጠቅመው ምክሩ መሠረተ ቢስ አይደለም። ጭንቁ ያለው ልጁ በተላከበት ቦታ ምን እየሠራ ይውላል በሚለው ላይ ነው።

ጎረምሳን ከቤት አውጥቶ በሃይማኖት ጥላ ሥር የሚያበስል አዳሪ ሥርዓት ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ፣ ማለትም ንባብ፣ ዜማ ወይም ቅኔ ሊማር ከአገሩ ርቆ በአብነት ትምህርት ቤት የሚያድር ልጅ፣ ደበሎውን ለብሶና አኩፋዳውን አንግቶ፣ የሰፈሩን ውሻ በዱላው እየመከተ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የዕለት ምግቡን ይለምናል፤ የለመነውን ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፣ ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፣ ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፣ ከፍ ሲል ደግሞ ታናናሾቹን ያስቀጽላል። ከአንዱ ጉባኤ ቤት ጋር ካልተስማማም ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ የሚከለክለው አጥር የለም። ረኃቡና ግርፋቱ የበዛበት ይህ ሥርዓት እንዳለ ይቀዳ የሚል ቢኖር የራሱን ልጅ ልኮ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት፤ ሆኖም ልጁን ቶሎ ያበሰለው ግርፋቱ ሳይሆን የተጣለበት ኃላፊነት ነው።

እንዲህ ያለ ሥርዓት በባሕር ማዶም አለ፤ አጥሩ ሲጠብቅ ምን እንደሚከተልም እዚያ ታይቷል። ፓስተር ዴቪድ ዊልከርሰን እ.ኤ.አ. በ1958 በኒው ዮርክ የወሮበላ ቡድን ወጣቶች መካከል የጀመረው አገልግሎት «ቲን ቻሌንጅ» በሚል ስም ወደ ብዙ አገሮች የተስፋፋ የሱስ ማገገሚያ ሆኗል። በሌላ በኩል አሜሪካውያን ወላጆች «አስቸጋሪ» ያሏቸውን ልጆቻቸውን ይልኩበት የነበረው የዶሚኒካን ሪፐብሊኩ ክርስቲያናዊ አዳሪ ትምህርት ቤት «ኤስኩዌላ ካሪቤ»፣ ከቤተሰብ ጋር የሚደረገውን ግንኙነት ይቆጣጠር እንደነበርና በደል ይፈጸምበት እንደነበር የቀድሞ ተማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ዘጋቢ ፊልም መስክረዋል። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ቅዱስ የሚምሉ ነበሩና እምነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

የኢትዮጵያ ሕግም በልጆች አያያዝ ላይ ዝም አላለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት የተጠበቁ መሆናቸውን ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ከዘጠኝ እስከ 15 ዓመት ያለ ጥፋተኛ ልጅ እንደ አዋቂ እንዳይቀጣ፣ ይልቁንም ወደ ማረሚያ ተቋም መላክን የመሰሉ የጥበቃና የማረም እርምጃዎች እንዲወሰኑለት ያዝዛል። ለወንጀለኛው ልጅ ይህን ያህል የተጠነቀቀ አገር፣ ምንም ሳያጠፋ በወላጁ ተስፋ መቁረጥ ብቻ ለተላከው ልጅ ከዚያ ያነሰ ሊያደርግለት አይገባም።

ፕሮቴስታንቶች በሚበዙባትና የቅዱስ ገብርኤልም ደጅ በማይጎድልባት ሐዋሳ፣ አብያተ ክርስቲያናት ለእንዲህ ያለው ልጅ ማገገሚያ ቤት ለመክፈት ሰውም ልብም አያጡም። ቤቱ ግን ጸሎቱን ከእጅ ሙያ ጋር ያጣመረ፣ እናት እሑድ እሑድ ልጇን የምታይበት፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ሳያስታውቅ ገብቶ የሚጎበኘው፣ ልጁ የሚወጣበት ቀንም ገና ሲገባ የተቆረጠ መሆን ይኖርበታል። ተመልሶ የሚገባው እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ጫት ቤት ደጃፍ ነውና፣ ከወጣ በኋላ የሚከታተለው ሰው ካልተመደበለት የገባበት ጊዜ ከንቱ ይቀራል። ወላጅም ልጁን ከማስረከቡ በፊት «መቼ መቼ ልጠይቀው እችላለሁ?» ይበል፤ መልሱ «ሲለወጥ» የሚል ከሆነ ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስ።