በጋራ ሥራ ቤት ውስጥ ስለ መጠንቀቅ

ባለፈው ጊዜ በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች የምሽት ጥናት ጽፈን ነበር። ዛሬ ደግሞ አባቶችና ጎልማሶች ልጆቻቸው ከመሥሪያ ቤት መልስ ስለሚውሉበት አንድ ስፍራ ጥቂት ለመናገር አሰብን፤ ይኸውም ጎረቤትና ወዳጅ ገንዘብ አዋጥቶ መጋዝና መላጊያ መኪና የሚገዛበት፥ በትርፍ ጊዜውም ለቤቱ ወንበርና መደርደሪያ የሚሠራበት የጋራ የአናጢ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሲያገላብጥ የዋለ ሰው ማታ ጣውላ ቢልግ ሐሳቡ ያርፋል። ከዚህም በላይ የእጅ ሥራን መናቅ በአገራችን ለረጅም ዘመን የቆየ ደዌ ስለ ነበረ፥ ልጅ የተከበረ አባቱን መሮና መዶሻ ይዞ ሲያየው ብዙ ይማራል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቤት እናመሰግናለን እንጂ አንነቅፍም።

ነገር ግን የጋራ ቤት ከግል ቤት የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ቢዘነጋ የዘነጋው ነገር የሚጠብቀው ራሱን ነው። በጋራ ቤት ግን አንዱ የተወውን ሌላው ሳያውቀው ያገኘዋል። ይህንን የምንጽፈው ከሰው ሰምተን ሳይሆን በዓይናችን አይተን ነው፤ ከጥፋቱም ድርሻ አለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፥ በዕድሜም በማዕርግም ከሁላችን የሚበልጡ አንድ ሰው በክብ መጋዙ ጣውላ ሲሰነጥቁ መብራት ጠፋ። መኪናው ቀስ በቀስ ቆመ። እሳቸውም ጣውላቸውን ከግድግዳው አስደግፈው «እስኪመጣ ድረስ ቡና እንጠጣ» ብለው ወጡ፤ ማብሪያውን ግን ሳያጠፉ ተዉት። እኛ ይህን አይተናል። የራቅነው ሁለት እርምጃ ያህል ብቻ ነበር፤ ሆኖም ታላቅን ሰው በሰው ፊት ማረም ነውር መሰለን፤ ራሳችን ሄደን ማጥፋቱም እንደ ተግሣጽ ይቆጠርብናል ብለን ሰጋን፤ ዝም ብለንም ተከትለናቸው ወጣን። በዚህ መካከል የጎረቤታችን ልጅ፥ የ19 ዓመት ወጣት፥ ታላላቆቹ ሳይመለሱ ሰጋቱራውን ልጥረግ ብሎ ገባ። መኪናው ጸጥ ብሎ ነበር። ከመጋዙ ጥርስ አጠገብ የተወሸቀች ስንጣሪ አይቶ በጣቱ ሊያወጣት ሲሞክር መብራት መጣ።

ልጁ የሌባ ጣቱንና የመካከለኛውን ጣቱን ጫፍ አጣ። በሐኪም ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠን ሳለን ሽማግሌው ወደ እኛ ዘወር ብለው «ሳላጠፋው ስወጣ አይተኸኝ ነበርን?» ሲሉ ጠየቁን።

«አይቻለሁ፥ ጋሼ» አልን።

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ?»

«ለክብርዎ ስል ነው።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ፤ ጥቂትም ቆይተው «ነገር ግን የልጁን ጣት በእኔ ክብር ለወጥኸው» አሉን። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ አልተነጋገርንም።

ሥራችን በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ስለ ሆነ፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ኪሣራ እንዲከፍል ማዘዙን እናውቃለን። ሽማግሌውም ማንም ሳይጠይቃቸው የሕክምናውን ወጪ ሁሉ ከፈሉ። ዝም ብሎ ያየ ሰው ግን ምን ይክፈል? ይህን ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይዘነው እንኖራለን።

ብዙ ሰው፥ እኛም ጭምር፥ መኪናው ቢነሣ እጄን ፈጥኜ አነሣለሁ ብሎ ያስባል። ሒሳቡ ግን ይህን አይፈቅድም። ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ መጋዝ በደቂቃ 4000 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ጫፍ በየሴኮንዱ ከ50 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሰው አደጋን አይቶ እጁን ለማንሣት የሴኮንድ ሩብ ያህል ያስፈልገዋል፤ በዚያች ሩብ ሴኮንድ 40 ጥርስ ያለው መጋዝ ከ600 የሚበልጡ ጥርሶች በአንድ ስፍራ ያሳልፋል። ስለዚህ እጅን የሚያድነው ፍጥነት ሳይሆን አስቀድሞ የተደረገ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ ከመውጣት በፊት ማብሪያውን ማጥፋት፤ ምላጩን የሚነካም ሰው፥ ለመጥረግም ቢሆን፥ ሶኬቱን ነቅሎ ጫፉን ዓይኑ በሚያየው ስፍራ ማኖር። ከዚህም ሌላ መብራት ተቋርጦ ሲመለስ መኪናውን በራሱ የማያስነሣ ማብሪያ አለ፤ በውስጡ ያለው ማግኔት ኀይሉ ሲቋረጥ ይለቅቃል፥ ሰው ዳግመኛ ካልተጫነውም አይይዝም። መብራት በየጊዜው በሚሄድበትና በሚመጣበት አገር ይህ ማብሪያ የሌለው መጋዝ ለጋራ ቤት ባይገባ እንመርጣለን። እኛ የገዛነው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ከመጋዙ በስተኋላ የምትቆመውም ቀጭን ብረት ነገርዋ እንደዚሁ ነው። የተሰነጠቀው ጣውላ ተመልሶ ምላጩን እንዳይጨብጥ የምትከለክል እርስዋ ናት። እርስዋ ከሌለች ከኋላ ወደ ላይ የሚወጣው ጥርስ ጣውላውን ያነሣና ወደ ሠራተኛው ሆድ ይወረውረዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ጣውላውን የያዘውን እጅ ወደ ምላጩ ይስበዋል። አንዱ ለአንድ ልዩ ሥራ አስቸገረችኝ ብሎ ይፈታታል፥ ሥራውን ጨርሶም ይሄዳል። በማግሥቱ የሚመጣው ግን እንደ ወትሮው ያለች መስሎት ይሠራል። በእኛ ቤት የፈታ ሰው ሳይመልስ ከደጅ አይወጣም፤ ቸኩሎ ቢወጣ እንኳ ብረቲቱን በመጋዙ ገበታ መካከል አጋድሞ ይተዋታል፥ የሚመጣው ሰው ሳያያት ጣውላ ማስቀመጥ እንዳይችል። እርስዋ በስፍራዋ ብትኖርም ከምላጩ ፊት ለፊት ሳይሆን ጥቂት ወደ ጎን መቆም፥ አጭር እንጨትንም በጣት ሳይሆን በመግፊያ ዱላ መግፋት ይገባል።

ልብስን በሚመለከት፥ እመቤቶችም ወደዚህ ሥራ መምጣት ስለ ጀመሩ በግልጽ እንናገር። ነጠላና ጋቢ፥ ከረባትና ሰፊ እጅጌ፥ የአንገት ሐብልና ያልታሰረ ጠጉር ከሚዞር መኪና ጋር አይስማሙም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በአሜሪካ አገር፥ በየል ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ሥራ ቤት አንዲት ተማሪ ሌሊት በቶርኖ ስትሠራ ጠጉርዋ ተይዞ ሞተች። ብቻዋን ነበረችና መኪናውን የሚያቆምላት ሰው አልተገኘም። ብዙ ሰው የማያምነው ደግሞ የጓንት ነገር ነው፤ ጓንት እጅን የሚጠብቅ ይመስላል፥ ነገር ግን የሚዞረው ብረት ጨርቁን ሲይዝ እጁንም አብሮ ይወስዳል። ጓንት ጣውላ ለመሸከም እንጂ በመጋዝ ወይም በመሰርሰሪያ ላይ ለመሥራት አይሆንም። መነጽር ግን ሁልጊዜ ያስፈልጋል፤ አፍና አፍንጫንም መሸፈን ይገባል፥ የእንጨት ትቢያ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ1995 እ.ኤ.አ. ገልጿልና።

በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨምድዶ በማዕዘን ቢጣል ማንም ሳይለኩሰው ራሱን አሙቆ ሊነድ ይችላል፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይሰጣል፥ በክምሩም ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በ1991 እ.ኤ.አ. በፊላዴልፊያ ከተማ ባለ38 ፎቅ ሕንፃ ያቃጠለው እሳት የተነሣው ከእንዲህ ያለ ጨርቅ ነው፤ 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሞተውበታል። ጨርቁን ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ መክተት ነው።

ጉዳት ከደረሰም በኋላ የሚደረገውን ማወቅ ይጠቅማል፤ እኛ በዚያ ቀን አላወቅንምና። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንና እጁን ከፍ አድርጎ መያዝ፤ የተቆረጠውንም ጣት በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ አሥሮ፥ ላስቲኩን በበረዶና በውሃ መካከል ማኖርና ከሰውዬው ጋር ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። በረዶው ሥጋውን መንካት የለበትም፥ ያበላሸዋልና። እኛ ያገኘነውን በደረቅ መሐረብ ጠቅልለን ነበር የወሰድነው።

ከሁሉ የከበደን ግን ማብሪያ መግዛቱ ሳይሆን ታናሽ ለታላቅ እንዲናገር ማድረጉ ነበር። «ቁም» ማለት ለሽማግሌ ስድብ ነው፤ «እባክዎን ጋሼ፥ ይቁሙ» ለማለት ደግሞ ጊዜ የለም። ብዙ ከተከራከርን በኋላ አንድ ቃል መረጥን፤ «ይቁም!» የሚል ነው። ቃሉ ለመኪናው እንጂ ለሰው ስላልሆነ የማንንም ክብር አይነካም፤ ማንም ቢጮኸው፥ የ12 ዓመት ልጅም ቢሆን፥ ሁሉም እጁን ያነሣል፥ መኪናውም ይጠፋል፤ ምክንያቱ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ወር በከንቱ ብዙ ጊዜ ተጮኸ፥ ሥራም ዘገየ፥ ሁለት ሰዎችም ተቀየሙ።

ልጁ ሥራ ቤቱን አልተወም፤ በክረምቱ ለእናቱ የረከቦት ማኖሪያ ሣጥን ሠርቷል። ሽማግሌውም አሁን ለቡና ሲነሡ በመጋዙ አጠገብ ይቆሙና «ና እስቲ ልጄ፥ እየው፤ ጠፍቷል?» ይላሉ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ያያል። «ጠፍቷል፥ ጋሼ» ሲላቸው ይወጣሉ።