«ጎማ ፈነዳ» ምክንያት አይደለም

በአገራችን የትራፊክ አደጋ ዜና ውስጥ «ጎማ ፈንድቶ» የምትለዋን ሐረግ ያህል ሁሉንም ሰው የምታሳርፍ የለችም። ማንንም አትከስም። ባለንብረቱ በእሷ ያመልጣል፣ ሾፌሩ ያመልጣል፣ ፋይሉ ይዘጋባታል፣ ዜናውን የምንጽፈው እኛም ወደሚቀጥለው እናልፋለን። በሰዋስው ካየነው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ጎማው ነው። መሬት ላይ ግን ጎማው ራሱ ባለቤት አለው። የሸጠው ሰው አለ፣ የገዛው ሰው አለ፣ አይቶ «ያልፋል» ያለ ሰው አለ።

ዛሬ የምለው ይህንኑ ነው። ጎማ ይመረጣል። የፈነዳውም ጎማ የተመረጠ ነበር። ስለዚህ «ፈነዳ» የምርመራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ ሊሆን አይገባም።

የምጽፈው ከኢተያ ነው። ኢተያ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወጣው አስፋልት ላይ ያለች የስንዴ ከተማ ናት፤ ይህ መንገድ ደግሞ የጎማ መፈተኛ ነው። አዋሽ መልካሳ ቆላ ነው። ከዚያ ሽቅብ ነው፤ ኢተያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር አልፋችኋል፣ አሰላ 2,400 ገደማ ነው። በመኸር ጊዜ ኮምባይነሩ፣ ስንዴ የጫነው አይሱዙ፣ ሚኒባሱና ባጃጁ እዚሁ አንድ መስመር ላይ ይጋፋሉ። ሲመለሱ ሁሉም ነገር ቁልቁል ነው፤ ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ያውም ጢም ብሎ ተጭኖ።

ጎማን በአብዛኛው የሚገድለው ሙቀት ነው። ንፋሱ ያነሰ ወይም ጭነቱ የበዛበት ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል። መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል። ሙቀቱ ላስቲኩን ከውስጥ ካለው ሽቦ ያላቅቀዋል። አዲስ ጎማ ብዙ ይታገሣል። ያረጀው ግን ላስቲኩ በፀሐይና በአየር ደርቋል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ውስጡ ያለቀ ሊሆን ይችላል። «ጥርሱን እየው፣ አልተነካም!» የሚለው የገበያ ማባበያ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጥርስ የሚናገረው ጎማው ምን ያህል እንደሄደ ነው። ስንት ዓመት እንደኖረ አይናገርም።

ዕድሜውን የሚናገሩት አራት አሃዞች ናቸው። በጎማው ጎን ላይ «ዲ»፣ «ኦ»፣ «ቲ» በሚሉት የላቲን ፊደላት የሚጀምር ረጅም መለያ አለ፤ መጨረሻው ላይ አራት አሃዞችን ታገኛላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 2317 ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2017 በ23ኛው ሳምንት ነው። በአንዱ ጎን ካጣችሁት በሌላው ጎን ፈልጉት።

አሁን ልብ በሉ። ያ 2017 የፈረንጆቹ 2017 ነው። በእኛ ሰኔ 2009 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በ2018 ዓ.ም. ቆሞ «17 ይላል፣ የአምና ምርት ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ፣ በእጁ ያለው ስምንት ዓመት ያለፈው ጎማ ነው። የራሳችን የዘመን አቆጣጠር ያለን መሆኑ ኩራታችን ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ለአታላይ መደበቂያ ይሆናል።

ሁለተኛውም ወጥመድ የቋንቋ ነው። ጎማ በዓለም ገበያ የበጋና የክረምት ተብሎ ይከፈላል። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው የሚታየን፤ እነሱ በረዶ ነው የሚታያቸው። የክረምት ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ባለ ብርድ እንዳይደርቅ ተብሎ ከለስላሳ ላስቲክ የተሠራ ነው። በሞቀ አስፋልት ላይ ይልመሰመሳል፣ ፍሬን ሲያዝ የሚቆምበት ርቀት ይረዝማል፣ ቶሎም ያልቃል። በጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት ከተሳለ፣ ያ ጎማ የተሠራው ለበረዶ አገር ነው። «ለሐምሌ ዝናብ ይሆነኛል» ብሎ የሚገዛው ሰው የገዛው ለሌላ ሰማይ የተሠራ ነገር ነው። ለእኛ አገር ትክክለኛው የበጋ ጎማ የሚባለው ነው፤ በዝናብም ጭምር። ዝናብ ላይ የሚያድነው ውኃውን የሚያስወጣው የጥርሱ ጥልቀት ነው። በጥርሶቹ መካከል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆኑ 1.6 ሚሊ ሜትር ቀርቷል ማለት ነው፤ ያ ጎማ አብቅቶለታል።

«ይህ የሚኒባስ ጣጣ ነው፣ የእኔ መኪና ዘመናዊ ናት» የሚል አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2013 «ፋስት ኤንድ ፊሪየስ» በተሰኙት ፊልሞች የምናውቀው ፖል ዎከር በካሊፎርኒያ ከጓደኛው ጋር ሞተ። መኪናው ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ነበር፤ በዓለም ላይ ካሉ ፈጣን የስፖርት መኪኖች አንዱ። መርማሪዎቹ ዋናውን ጥፋት በፍጥነት ላይ አደረጉ። ግን በዚያ አላበቁም፤ የጎማዎቹን ዕድሜ አነበቡ። ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያ እርጅና መኪናው መንገድ የሚይዝበትን አቅም ቀንሶት ሊሆን እንደሚችል በሪፖርታቸው አሰፈሩ። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው። እነሱ ጎንበስ ብለው አነበቡ።

በእኛም አገር ጉዳዩ እየቀረበ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ትመዝናለች፤ ቮልስዋገን አይዲ 4 ሁለት ቶን ገደማ ነው። ሞተሩ ገና ሲነካ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ያንን ክብደትና ጉልበት መሬት ላይ የሚይዙት አራት መዳፍ የሚያካክሉ የላስቲክ ቁራጮች ናቸው። ስለ ባትሪውና ስለ ቻርጀሩ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር ሰው የጎማውን ቁጥር ሲጠየቅ ቸርኬው ማማሩን ይነግራችኋል።

ስለዚህ ምርጫው ላይ ጥቂት ልበል። በጎማው ጎን ላይ ካለው መጠን ቀጥሎ አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል አለ። ቁጥሩ ጭነት ነው፦ 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል፣ 107 ማለት 975 ኪሎ። ፊደሉ የሚችለው ፍጥነት ነው፦ «ኤች» 210፣ «ቪ» 240፣ «ደብሊው» 270፣ «ዋይ» 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ፊደሉ የመንዳት ፈቃድ አይደለም፤ ጎማው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚችል የሚያሳይ ነው። ከመኪናው ፋብሪካ ከታዘዘው በታች አትውረዱ፣ በተለይ በጭነቱ።

«ስፖርት» የሚባለው ጎማ መንገድ የሚይዘው ላስቲኩ ስለሚለሰልስ ነው፤ ስለሚለሰልስም ቶሎ ያልቃል። ሁለቱን ባንድ ላይ የሚሰጥ የለም። ጎኑ ደግሞ አጭር ነው። አጭር ጎን ለኩርባ ጥሩ ነው፤ ለጉድጓድ ግን መጥፎ ነው፣ ጎማው በቸርኬውና በጉድጓዱ ጠርዝ መካከል ተቆንጥጦ ይቆረጣል። ፋብሪካው ለአንድ መኪና ሁለት የቸርኬ መጠን ከፈቀደ፣ በእኛ መንገድ ላይ ብልህ የሚመርጠው ትንሹን ቸርኬና ረዘም ያለ ጎን ያለውን ጎማ ነው። ጎሚስታው «ስንት ልሙላ?» ሲላችሁም መልሱ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተጽፏል። በጎማው ላይ ያለው ቁጥር መድረሻ ጣሪያው ነው። መለካት ያለበትም ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው።

የአርሲ ሰው ይህንን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። በቆጂ ላይ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለመሙ የሚደረገው ጫማ ለአስፋልት አይደረግም። ለሯጭ እግር የምንጨነቀውን ያህል ለሚኒባስ እግር ብንጨነቅ ምን ነበረበት?

አሁን ወደ ተለመደው መልስ እንምጣ፦ «ደሃ አገር ነን፣ ጎማ ውድ ነው።» እውነት ነው፣ ውድ ነው። ባለ አንድ ሚኒባሱ ሰው ላብ እንደሚያልበውም አውቃለሁ። ግን ሒሳቡን እንየው። ባለንብረቱ ባልቀየረው ጎማ ያተረፈውን ገንዘብ የሚያገኘው እሱ ነው፤ አደጋውን የሚሸከመው ግን ታሪፉን ከፍሎ የተሳፈረው ነው። ተሳፋሪው ቅናሽ አልተደረገለትም። አልተነገረውም። ቢነገረው ኖሮ ድህነቱን አብሮ ይካፈል ነበር፤ ሳይነገረው ሲሆን ግን በሰው ነፍስ መቆጠብ ነው። ያረጀ ጎማ የተከበረ ቦታ አለው፤ በረባሶ ይሁን። ከበረባሶ የወደቀ ሰው የለም።

መፍትሔው ሕልም አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሙዚቃ ድግስ ወጣቶችን ይዞ ሲመለስ የነበረ አውቶቡስ የፊት ጎማው ፈንድቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ጎማው ከ19 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ከሟቾቹ አንዱ 18 ዓመቱ ነበር። ጎማው ከልጁ ይበልጥ ነበር! የልጁ እናት «ፈነዳ» የሚለውን መልስ አልተቀበለችም፤ ለዓመታት ታገለች። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2021 ጀምሮ ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ጎማ በከባድ መኪናና በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ፣ በሚኒባስ ደግሞ ነጠላ ሆኖ በሚታሠርበት እግር ሁሉ ተከለከለ።

እኛም ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የእያንዳንዱ ጎማ አራት አሃዝ በሰነዱ ላይ ይጻፍ። ለምርመራ ቀን ጎማ ተውሶ ማሠር እንዳለ ሲወራ ሁላችንም ሰምተናል፤ ቁጥሩ ከተጻፈ መንገድ ላይ ያለ ትራፊክ ፖሊስ አስተያይቶ በሁለት ደቂቃ ይደርስበታል። ሁለተኛ፣ ሕዝብ በሚጭን መኪና ላይ የጎማ ዕድሜ በሕግ ይገደብ። መድኃኒት ጊዜው ሲያልፍ ይወገዳል፤ ጎማም እንደዚያው። ሦስተኛው ለእኛ ለጋዜጠኞች ነው፦ «ጎማ ፈንድቶ» ብለን ከመጻፋችን በፊት ዕድሜውን እንጠይቅ።

እናንተ ተሳፋሪዎችም መናኸሪያ ስትገቡ፣ ወንበር ከመያዛችሁ በፊት የፊት ጎማውን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ረዳቱ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ። ሦስት ሰው ካየ ይስቃል፤ ሠላሳ ሰው ካየ ባለንብረቱ ይደነግጣል።

«ጎማ ፈንድቶ» የሚል ዜና ደግሞ ሲመጣላችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ የስንት ዓመት ጎማ ነበር? ማንስ አሠረው?

ቸር ያሰማን።