«መብራቱ ጠፍቷል» ስለ ተባለው መኪና

ባለፈው ሰሞን ለሥራ ወደ ሞያሌ በተጓዝን ጊዜ ያየነውን አንድ ነገር ለአንባቢዎቻችን፣ በተለይም አማርኛን በመማር ላይ ለሚገኙት የመሥሪያ ቤት ሹማምንት ብናቀርበው ይጠቅማል ብለን አሰብን፤ ነገሩ ስለ መኪና ይሁን እንጂ ግማሹ የመካኒክ፣ ግማሹ ደግሞ የቋንቋ ጉዳይ ነውና።

እንደሚታወቀው ሞያሌ ስሟ አንድ፣ መንግሥቷ ሁለት የሆነ ከተማ ናት። በሰሜን ያለው ወገን የኢትዮጵያ ሲሆን በደቡብ ያለው በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ይገኛል። ሁለቱ መንግሥታት በ2013 ዓ.ም. የጋራ የድንበር መፈተሻ ጣቢያ መርቀው ከከፈቱ ወዲህ መንገደኛው ጉዳዩን በአንድ ስፍራ ይፈጽማል። መኪናው ግን ወሰኑን ሲሻገር መስመር መለወጥ አለበት፤ ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ስትዛወር ኬንያ በግራ እንደ ነዳች ቀርታለችና። የመኪናው ብልቶች እንኳ ስማቸውን ይለውጣሉ፤ በኛ ዘንድ ከጣልያኖች የተወረሱት ፍሬንና ኮፈን እዚያ ማዶ በእንግሊዝኛ ስማቸው ብሬክና ቦኔት ይባላሉ። ኤርባግ ብቻ በሁለቱም ወገን ኤርባግ ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ዕቃ ስለ ሆነ ጣልያን አልደረሰበትም።

የተጓዝንበት መኪና ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የኤርባጉ መብራት በዳሽቦርዱ ላይ በርቶ አልጠፋ ብሎ ነበር። መሥሪያ ቤቱም «የኤርባግ መብራት በርቶ ስለሚያስቸግር እንዲጠፋ ይደረግልን» ሲል ለአንድ ጋራዥ ጻፈ። በሳምንቱ «በታዘዝነው መሠረት መብራቱ ጠፍቷል» የሚል መልስ መጣ፤ ሒሳቡ ተከፈለ፤ ፋይሉም ተዘጋ። ደብዳቤውን ያነበብነው እኛም ነን፤ እንከን አላየንበትም።

በኬንያው ሞያሌ ጎማ ለማስጠገን በቆምንበት ቦታ ላይ አንድ አዛውንት መካኒክ አገኘን። በስዋሂሊ እንዲህ ያለውን ባለሙያ «ፉንዲ» ይሉታል፤ ጣራ በሌለው ሥፍራ የሚሠራውንም ሥራ «ጁአ ካሊ» ይሉታል፤ ትርጉሙ ብርቱ ፀሐይ ማለት ነው። ሽማግሌው አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ። ሹፌራችን መኪናውን ሊያስነሣ ቁልፉን ሲያዞር በመስኮት እያዩ ነበርና፣ «ልጄ፣ እስቲ አጥፋና እንደገና ክፈተው» አሉት። ከፈተ። የዘይቱ፣ የባትሪው፣ የፍሬኑ መብራት ሁሉ በርቶ ታየ፤ የኤርባጉ ግን አልበራም። እሳቸውም ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «ጌታዬ፣ ከሚበራው ይልቅ ጨርሶ የማይበራው ይከፋል» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬን ቢበላሽ እግር ያውቀዋል፤ መሪ ቢላላ እጅ ያውቀዋል። ኤርባግ ግን እስከ ግጭቱ ቅጽበት ድረስ ሥራ የለውምና ደኅና መሆኑን ነድቶ መፈተን አይቻልም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከማርሹ አካባቢ የተቀመጠው መቈጣጠሪያ ሣጥን ቁልፍ በተከፈተ ቁጥር ራሱን፣ ሽቦዎቹንና ዳሳሾቹን እንዲመረምር አድርገውታል። መብራቱ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ ከጠፋ ምርመራው መልካም ነው፤ በርቶ ከቀረ በሽታ አለ፤ ሣጥኑም በዚያን ጊዜ ኤርባጉን ላያፈነዳው ይችላል። ፈጽሞ ካልበራ ግን ሣጥኑ የሚናገርበት ምላስ ተቈርጧል ማለት ነው።

«ዳሳሽ» የሚለው ቃል «ዳሰሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ዓይነ ስውር ግድግዳ እየዳሰሰ ይሄዳል እንደሚባለው። የግጭት ዳሳሽ ግን የሚዳስሰው ግድግዳውን ሳይሆን የፍጥነቱን በድንገት መቀነስ ነው። አለን ብሪድ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1968 የሠራው ዓይነት ዳሳሽ በቱቦ ውስጥ ያለች፣ ማግኔት ይዞ የሚያቆያት ኳስ ነበረች፤ መኪናው ሲጋጭ ኳሷ ከማግኔቱ ተላቅቃ ወደ ፊት ትወረወርና ሁለት የኤሌክትሪክ ጫፎች ታገናኛለች። የዛሬው ከሲሊከን የተሠራ እጅግ ጥቃቅን ዕቃ ነው። ከፓራውልቱ በስተኋላ በግራና በቀኝ ይቀመጣል፤ ሣጥኑም የእርሱን ወሬ ከራሱ ስሜት ጋር አስተያይቶ ይፈርዳል። ፍርዱም ከረጢቱን መንፋቱም ተደምሮ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ሁሉ ያልቃል።

ፉንዲው የዳሽቦርዱን መስተዋት አስፈትተው ሲያዩ በመብራቱ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎ ተገኘ። የጋራዡ መልስ ሐሰት አልነበረም! መብራቱ ጠፍቷል፤ መሥሪያ ቤቱም የጠየቀው ይህንኑ ነበር። «ጠፋ» የሚለው የአማርኛ ግስ የመብራትንም መክሰም፣ የዕቃንም መሰወር የሚገልጥ መሆኑን በሰዋስው ትምህርት ታገኙታላችሁ፤ እዚህ ላይ ግን የጠፋው ምልክቱ እንጂ በሽታው አልነበረም።

ፕላስተሩ ተነሥቶ የመመርመሪያው መሣሪያ በተሰካ ጊዜ በ«ቢ» ፊደል የሚጀምር ቁጥር ወጣ፤ የፊት የግራ ዳሳሽ ነው አሉ። ሹፌራችን ወዲያው አዲስ ዳሳሽ ይገዛ ሲል እሳቸው ከለከሉት፤ ቁጥሩ የሚናገረው ከዚያ ወገን ወሬ መቅረቱን እንጂ ጥፋቱ የዳሳሹ ይሁን የሽቦው አይደለምና። በመዶሻ መታ መታ አድርገው ይሞክሩት እንደ ሆነ ሲጠይቃቸው ደግሞ ሳቁና «አንተስ ሐኪም ቤት ስትሄድ እንዲህ ነው የሚመረምሩህ?» አሉት።

ከዚያም የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለው ምንም ሳይነኩ ሰዓታቸውን እያዩ ቆሙ። ብዙ የፋብሪካ መመሪያዎች ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅ ይገባል ይላሉ፤ ሣጥኑ ባትሪው ቢነቀልም ኤርባጉን ለማፈንዳት የሚበቃ ኤሌክትሪክ ለጥቂት ጊዜ ያቆያልና። የመለኪያ መሣሪያቸውንም በሁለቱም ጫፍ በተነቀለው የዳሳሹ ሽቦ ላይ ብቻ አኖሩት እንጂ ወደ ኤርባጉ ራሱ አላስጠጉትም፤ የመለኪያው ጥቂት ኤሌክትሪክ ሊያፈነዳው ይችላል። ሽቦውን በእጃቸው ሲያወዛውዙ ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ይዘል ጀመር።

ምክንያቱ ከፊት የተገጠመው ትልቅ ብረት ሆኖ ተገኘ። ለከብትና ለግመል መከላከያ ይሆናል ተብሎ በኋላ የተጨመረ ነው፤ ያሰረው ሰው የዳሳሹን ሽቦ ከቡሎኑ ሥር ቈንጥጦት ኖሯል። የመንገዱ መንገጫገጭ ቀስ በቀስ ልባሱን ገፈፈው፤ መዳቡም አረንጓዴ ሆኖ ነበር። በነገራችን ላይ፣ እንዲህ ያለው ብረት የግጭቱን ኀይል ወደ ዳሳሹ የሚደርስበትን መንገድ ስለሚለውጥ መኪና ሠሪዎች ሳያስፈቅዱ መግጠምን አይወዱም።

ሽማግሌው ሽቦውን ሲያስሩ ሌላም ነገር ነገሩን። ከግጭት በኋላ የፈነዳውን ኤርባግ በመተካት ፈንታ ሁለት ኦም ያህል ያላት ትንሽ ሬዚስተር በሽቦው ጫፍ የሚያስሩ አሉ፤ ሣጥኑ ኤርባጉ ያለ ይመስለዋል፤ መብራቱም በወጉ በርቶ ይጠፋል። ይህን ማታለል በመብራት ብቻ ማወቅ አይቻልም። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖችም የኤርባጋቸው ሽቦ በምን እንደ ተያዘ ሳይታይ መግዛት አይገባም። አሮጌ የጃፓን መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ ታካታ የሚለውን ስም ያስታውስ፤ ይህ ኩባንያ የሠራቸው ማፈንጃዎች በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ሲያረጁ ብረት እየረጩ ሰው ስለ ገደሉ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቈጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠርተዋል፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ።

በመጨረሻ የተመዘገበው ቁጥር ተሰረዘ፤ ቁልፉም ተከፈተ። መብራቱ በራ፤ ሹፌራችን ጮክ ብሎ ቈጠረ፤ ስድስት ላይ ጠፋ። ደረሰኙ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ነበር ለሒሳብ ክፍል ወደ አማርኛ መለስነው፤ በዚህ ጊዜ ለግሦቹ ተጠንቅቀን እንዲህ ስንል ጻፍን፦ «የፊት የግራ ግጭት ዳሳሽ ሽቦ ከቡሎን ሥር ተቈንጥጦ ስለ ተገኘ ተጠግኗል። ቀድሞ መብራቱን የሸፈነው ፕላስተር ተነሥቷል። መብራቱ ቁልፍ ሲከፈት ይበራል፤ ከዚያም ይጠፋል።» የሒሳብ ሹሙ «ይበራል» የሚለው ስሕተት መስሏቸው በቀይ እርሳስ ሠርዘውት ነበርና መልሰን ጻፍነው።