«መጽሐፉ አንድ፣ ሰዉ ብዙ ሆነብኝ»

«የሥነ ልቦና ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ ገና 5 ወሬ ነው። አለቃዬ ሰኞ ሰኞ ከአረብ አገር የተመለሱ እህቶችን፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከመጠጥና ከጫት ለመላቀቅ የሚታገሉ ወጣቶችን በቡድን እንድመራ አዞኛል። የሰጠኝ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ የያሎምን ብቻ ነው። ለሁለቱም ይሆናል? ፈርቻለሁ።»
ፈሪዋ ነኝ

እህቴ፣ እንኳንም ፈራሽ! እኔ ሳልፈራ የሠራሁትን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት የሴቶች ቡድን ተሰጠኝ። በእጄ የነበረው ከውጭ የመጣ የሥልጠና ቪዲዮ ነው። እዚያ ላይ ሰዎቹ ገና በመጀመሪያው ቀን የሆዳቸውን ይዘረግፋሉ። እኔም ያየሁትን አደረግኩ። አንዲት ልጅ ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን እያለቀሰች ተናገረች። በሳምንቱ አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ አላየኋትም። ለካ ከተሳታፊዎቹ አንዷ የሰፈሯ ልጅ ኖራለች! ቪዲዮው ስለ ሰፈር ወሬ ምን ያውቃል?

ስለዚህ መጽሐፉን ከመምረጥሽ በፊት ክቡ ላይ የሚቀመጠውን ሰው እወቂ።

የያሎም መጽሐፍ መጀመሪያ የታተመው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው፤ 6ኛው እትም በ2020 ወጥቷል። ቡድን ሰውን እንዴት እንደሚፈውስ ያስተምራል፤ ተስፋ ማግኘት፣ «ለካ ብቻዬን አይደለሁም» ማለት፣ ሌላውን መርዳት... እንዲህ እያለ 11 ነገሮችን ይዘረዝራል። ለራስሽ አንብቢው፤ መሠረትሽ ነው። የሰኞውን ውሎ ግን ደረጃ በደረጃ አይነግርሽም።

ለሰኞዎቹ፣ ችግራቸው ድባቴ ከሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የቡድን ሕክምና መመሪያ ፈልጊ። በነፃ ይገኛል፤ 8 ስብሰባ ነው። የሚያተኩረው ሐዘን፣ ጠብ፣ የኑሮ ለውጥና ብቸኝነት ላይ ነው። ከስደት ተመልሳ «የላክሁት ገንዘብ የት ገባ?» ብላ ከቤተሰቧ የተቃቃረች ልጅ እዚያ ውስጥ ራሷን አታጣም። ይህ ዘዴ በኡጋንዳ ገጠር ተሞክሮ ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ሲታተም ድባቴን በእጅጉ እንደቀነሰ ታይቷል። እዚያ ታዲያ ወንድና ሴት ለየብቻ ነበር የተቀመጡት፤ መሪዎቹም የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። አየሽ፣ መመሪያው ነው ለሰዉ የተሰፋው።

የሐሙሶቹ ነገር ሌላ ነው። ጠጥቶ የመጣውን ምን ታደርጊዋለሽ? ትቶ እንደገና የጀመረውንስ? ይህን የሚመልስና ተመልሶ መውደቅን ስለ መከላከል የሚያሠለጥን ጽሑፍ ምረጪ። ደግሞ አደራ፣ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እስከ መንቀጥቀጥና ራስን ስቶ መውደቅ ሊያደርሰው ስለሚችል ሐኪም ይቅደም።

የትኛውንም መመሪያ ስታነሺ ሦስት ጥያቄ ጠይቂው፦ ማን ወደዚህ ቡድን መግባት የለበትም? ምስጢር እንዴት ይጠበቃል? አንዱ «ራሴን ላጠፋ ነው» ቢል ምን አደርጋለሁ? መልስ ከሌለው መልሰሽ አስቀምጪው።

በመጨረሻ፣ ዋና በመጽሐፍ አይለመድም። አለቃሽን «ልምድ ያለው ሰው አብሮኝ ይቀመጥ፤ በየሳምንቱም ሥራዬን የሚያይልኝ ይኑር» በዪው። አይፈቀድም ካለሽ ደግሞ «እንግዲያው ትንሽ ይቆየን» ለማለት አትፈሪ። እኔ ያኔ ይህችን ቃል ብናገር ኖሮ ያቺ ልጅ በሳምንቱ ትመጣ ነበር።

እንዴት እንደሆነልሽ ጻፊልኝ። ቸር ይግጠመን።