ጠባይና ፖለቲካዊ አመለካከት፤ ልኬቱ እስከ ምን ድረስ ይናገራል?

በተማሪዎች ክርክር መካከል «የእነ እገሌ አቋም ከፍርሃት የመነጨ ለመሆኑ ሳይንስ ማረጋገጫ ሰጥቷል» የሚል አነጋገር ይሰማል። ጉዳዩ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ድርሻ ሆኖ ሳለ የፊዚክስ መምህርን ምን አገባው ይባል ይሆናል። የሚያገባው ነገሩ የልኬት ጥያቄ በመሆኑ ነው።

በመሠረቱ በጠባይና በፖለቲካዊ አመለካከት መካከል ዝምድና መኖሩ አይካድም። በተለይ በምዕራባውያን አገሮች በተደረጉ በርካታ ጥናቶች አዲስ ሐሳብን የመሻት ጠባይ ያላቸው ሰዎች በአማካይ ወደ ለዘብተኛው ወገን፣ ሥርዓትንና ጥንቃቄን የሚያዘወትሩት ደግሞ ወደ ወግ አጥባቂው ወገን ሲያዘነብሉ ታይቷል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ተዛምዶ መጠን 0.2 ገደማ፣ የሁለተኛው 0.1 ገደማ ነው። ፍጹም ተዛምዶ 1 መሆኑን እናስታውስ። 0.2 በራሱ ሲባዛ 0.04 ይሆናል፤ ይህም በሰዎች መካከል ከሚታየው የአመለካከት ልዩነት ውስጥ ከዚህ ጠባይ ጋር የሚዛመደው 4 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ማለት ነው።

የጋዝን ሙቀት ስንለካ የሞለኪውሎቹን አማካይ የእንቅስቃሴ ጉልበት እናውቃለን። ከመካከላቸው አንዱን ነጥለን ፍጥነቱ ይህን ያህል ነው ማለት ግን አንችልም። ስለ ብዙ ሰዎች አማካይ የተገኘ ዕውቀትም በፊታችን ቆሞ በሚከራከረን አንድ ሰው ላይ ፍርድ ለመስጠት አያበቃም።

አማካዩ ራሱም ቢሆን ተደጋግሞ መፈተን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት በታተመ ጥናት 46 አሜሪካውያን የሚያስፈሩ ሥዕሎች እንዲያዩ ተደርጎ በላብ ምክንያት የሚለዋወጠው የቆዳቸው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ተለካ። አብልጠው የደነገጡት ለመከላከያ ወጪና ለሞት ቅጣት የበለጠ ድጋፍ እንዳላቸው ተገለጸ፤ ወሬውም ዓለምን አዳረሰ። ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን በ202 ሰዎች ደግመው እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱን ሲያሳትሙ ግን የተባለውን ዝምድና አላገኙትም።

ከዚህም የሚያስገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ የታወቀ የፖለቲካ ሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት አንድን የጭካኔና የግትርነት ዝንባሌ ያለበት ጠባይ ከወግ አጥባቂነት ጋር አያይዞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ማረሚያ የመልሶቹ ቁጥሮች ተገልብጠው መመዝገባቸው ታወቀ፤ ዝምድናው በእርግጥ የታየው ከለዘብተኞቹ ጋር ነበር። የጥናቱ ዋና መደምደሚያ፣ ማለትም ጠባይ ለአመለካከት መንሥኤ አለመሆኑ፣ በማረሚያው እንዳልተነካ አዘጋጆቹ አስታውቀዋል። በነዚያ አራት ዓመታት ግኝቱን ባላጋራውን ለመስደቢያ ያዋለ ሰው ቢኖር፣ ስድቡ ተመልሶ የሚያርፈው በራሱ ላይ ነው።

ከአገር ወደ አገርም ነገሩ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና 51 አገሮችን ያነጻጸረ ጥናት እንዳሳየው፣ ደኅንነትንና እርግጠኝነትን አጥብቀው የሚሹ ሰዎች በባህል ጉዳይ ወግ አጥባቂ ቢሆኑም በኢኮኖሚ ጉዳይ በአማካይ ወደ ግራው አቋም ያዘነብላሉ። ስለዚህ በአሜሪካ የተሰፋ ልብስ በሁሉም አካል ልክ አይሆንም።

ምርምሩ ይቀጥል፤ ጠቃሚም ነው። ይሁንና የአንድ ሐሳብ እውነትነት በተናጋሪው ጠባይ አይለካም። ፈሪ ሰው «ድልድዩ ተሰንጥቋል» ቢል መመርመር ያለበት ድልድዩ እንጂ የሰውየው የልብ ትርታ አይደለም። የክርክር ባላጋራውን በጠባዩ የሚያጣጥል ተማሪ ክርክሩን ያሸነፈ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን ድልድዩን ሳያይ ቀርቷል። ጠባይ አመለካከትን ያጋድላል ብሎ የሚያምን ቢኖር፣ ምርመራውን ከገዛ ራሱ ይጀምር።